ወንድሜን ይዤ ጉለሌ ደርሼ መጣሁ

ከአዲስ አበባ ከተመለስን ጀምሮ ቤታችን ብቅ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ አብዮት አደባባይና ስለ ፎቁ ነው። አላየሁም ስል ማንም አያምነኝም። አንዷ ጎረቤቴማ የደበቅኳት መስሏት እስከ ዛሬ ተቀይማኛለች። እኔ ያየሁት ጉለሌን ነው፤ እሱንም ቢሆን ከሽሮ ሜዳ እስከ ሆስፒታል ያለውን መንገድና አንድ የሽማኔ ቤት ነው። ከጨንቻ ወጥታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማትወጡ፣ እንደሆነው አድርጌ ልጻፍላችሁ።

የሄድነው ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ አንጁሎ እጅ ነበር። ወንድሜ ሽማኔ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እጁና እግሩ ይወፍር ጀመር። ፊቱም ተለወጠ፤ ግንባሩ ገፋ፣ መንጋጋው ረዘመ፣ ጥርሶቹ ተራራቁ፣ ድምፁ ጎረነነ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ «ደልቶታል» አለ። እሱ ግን የሚያማርረው የመርገጫውን ገመድ ነበር። ሽማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መርገጫውን የሚይዘው በአውራ ጣቱና በቀጣይዋ ጣት መካከል በሚያስገባት የገመድ ቀለበት ነው። ያቺ ቀለበት ጠበበችው። የጨንቻ ጉም ገመድ ያኮማትራል ብሎ ፈታና አሰፋት። እንደገና ጠበበችው፣ እንደገና አሰፋት። ገመዱን የሸጠለትን ሰው በገበያ መሀል ሲወቅሰው እኔም አብሬ ወቅሻለሁ። እግሩ እያደገ መሆኑን ግን ማናችንም አላሰብንም። የልጆች አባት የሆነ ሰው እግር ያድጋል ብሎ ማን ያስባል?

ቀጥሎ መወርወሪያው ያመልጠው ጀመር። ከቀኝ ወደ ግራ የወረወረውን ሳይቀልበው መሬት ላይ ይወድቃል፤ ድሩ ይበጠሳል፤ ሸማው ይበላሻል። ሽማግሌዎች ጎሜ ሳይሆን አይቀርም አሉት። ጎሜ በእኛ አገር ክልክል የጣሰ ሰው ላይ የሚወርድ መዘዝ ነው፤ ሰውየው ያጠፋውን አውጥቶ ካልተናገረ አይለቀውም ይባላል። ወንድሜም ጥፋቱን ሲፈልግ ከረመ። የጎረቤት ድንበር ገፍቼ ይሆን፣ አባቴን በሕይወት ሳለ አስቀይሜው ይሆን እያለ ያስታወሰውን ሁሉ ተናዘዘ። እጁ ግን ማበጡን አልተወም። ሽመናውን ከተወ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ሙያ የለውም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አዲስ አበባ ውሰዱት ሲለኝ ከትምህርት ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ፣ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አውጥተን ተነሣን።

ሰኞ ማለዳ በጭነት መኪና ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ ወረድን። ጋቢያችንን እንደተከናነብን ነበር የተሳፈርነው፤ ታች ስንደርስ ላብ በላብ ሆንን። ወንድሜማ ያለዚያም ላብ አይለየውም፤ ሹራቡን አውልቆ ጨመቀው። ሾፌሩ የተሸከምነውን ቆጮና ቅቤ አይቶ ለሠርግ ነው ወይ ብሎ ቀለደብን። ቅቤው አዲስ አበባ ለሚያስተናግደን የጎሣችን ሰው ነበር፤ በሙቀቱ ቀልጦ ግማሹን የጠጣው የእኔ ቀሚስ ነው።

ማክሰኞ በአውቶቡስ ወደ ሻሸመኔ ጉዞ ሆነ። ወንድሜን በቀኝ በኩል መስኮት ጋ አስቀመጥኩት። ጥቂት እንደሄድን አባያ ሐይቅ በመስኮቱ በኩል ተዘረጋ። ከቤታችን ደጅ ቁልቁል የምናየው ያ ቀላ ያለ ውኃ፣ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካው መሰለ። «ጋሼ፣ አባያን እየው» አልኩት። ፊት ለፊቱን እያየ የታለ አለኝ። ከዚያ አንገቱን ከነትከሻው አዙሮ አየና «አሃ» አለ። ያን ያህል ሐይቅ ከጎንህ ጠፋህ ብዬ እስከ ቀጣዩ ከተማ ድረስ ስቄበታለሁ። እሱም አብሮኝ ሳቀ።

ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ጠባቂው የወንድሜን መታወቂያ አየ፣ ፊቱን አየ፣ መልሶ መታወቂያውን አየ። ፎቶው ከመታመሙ በፊት የተነሣው ነው።

«ይሄ አንተ አይደለህም» አለው።

ወንድሜ ፎቶውን ጎንበስ ብሎ ተመለከተና፣ «እኔም ካየሁት ቆየሁ» አለ።

ጠባቂው የቀለደበት መስሎት ተቆጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የሰውየውን ፊት ትቶ ከፎቶው ጋር ሙጭጭ አለ። አውቶቡሱ ቆሞ፣ ተሳፋሪው ፀሐይ እየመታው፣ እኔ እንባዬ ሊመጣ ሲል፣ ቅቤ ነጋዴ የሆኑ አንዲት አሮጊት ወደፊት መጡና፣ «የእህቴ ልጅ ነው፤ አሞት ነው ፊቱ ያበጠው» አሉ። ጠባቂው እሳቸውን ሰማ። እኚህን ሴትዮ ከዚያ በፊት አይተናቸው አናውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ገብተን ሳመሰግናቸው፣ ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፣ ሁላችንም የአንድ ሰው የእህት ልጅ ነን አሉኝና እንቅልፋቸውን ቀጠሉ።

ሻሸመኔ ያደርንበት ቤት አልጋው አጭር ነበር። ቤታችን ከቀርከሃ የተሠራ፣ ጣራው ከፍ ያለ ነውና ወንድሜ ሲያንኮራፋ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ግን ግድግዳው ሳንቃ ነው። ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ አንድ ነጋዴ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲያስነሡ ያደሩት እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ወንድሜ «እኔ ነኝ፤ አልተነሣም እንጂ» ሲለው ነጋዴው በሳቅ ፈነዳና ሻያችንን ከፈለ። ጫማው ደግሞ በዚያው ጠዋት ተተረተረ። የቤቱ ባለቤት ይህን አይታ ደጇ ላይ የሚሠራውን ጫማ ሰፊ ጠራችው። ከከባድ መኪና ጎማ በረባሶ ቆርጦ ሲሠራለት ይሄ እግር ነው ወይስ መርከብ ቢል በነጠላዋ ጫፍ መታችው። የሷን ፊት አሁንም አስታውሳለሁ።

አዲስ አበባ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። አውቶቡስ ተራ ሰው ከሰው ይጋፋል፤ የጨንቻ ገበያ በትልቁ ቀን እንኳ እንዲህ አይሆንም። ሽሮ ሜዳ የሚሄደውን የከተማ አውቶቡስ ጠይቄ ተሳፈርን። መምህርት ነኝና ሰው ሁለቴ መጠየቅ አልወድም፤ ያ ኩራቴ ከሌላ አውቶቡስ አሳፍሮ ሸጎሌ የከብት ገበያ አወረደኝ። በግና ፍየል መሀል ሻንጣችንን ይዘን ቆምን። አንድ የበግ ነጋዴ ያልሸጣቸውን በጎች እየነዳ ወደዚያው አቅጣጫ ስለነበረ ተከተሉኝ አለን። ጉለሌን መጀመሪያ ያየሁት እንግዲህ ከበጎች ኋላ ሆኜ ነው። መንገዱ ዳገት ነው፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ ነፋሱም ይበርዳል። ወንድሜ አየሩ ጨንቻን እንደሚመስል ነገረኝ፤ ከተነሣን ጀምሮ ደስ ሲለው ያየሁት ያኔ ነው።

አስተናጋጃችን ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ። አገር ቤት ሳሉ ስማቸው ሌላ ነበር፤ ልጅ ሆነው ሽሮ ሜዳ ለሽመና ሲመጡ ዘለቀ ተባሉ። የእኛ ጎሣ ናቸው እንጂ ከዚያ በፊት አላየናቸውም። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ የቁስቋም ዳገት ተወላጅ ናቸው፤ ሸማ ይሸጣሉ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ፣ የእኛን ቋንቋ ደግሞ ለመሳደብ የሚበቃ ያህል ያውቃሉ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን የሽመናው ጉድጓድ ይዞታል። እኛን አልጋቸው ላይ አስተኝተው እነሱ መሬት ላይ አነጠፉ። አይሆንም ብዬ ስከራከር እትዬ ብርቄ ያችኑ የሚያውቋትን የእኛን ቋንቋ ስድብ አወጡብኝ። በማግሥቱ በማለዳ ቀበሌ ሄደው እንግዶች እንዳሏቸው አስመዘገቡ፤ በዚያ ዘመን ሳያስመዘግቡ እንግዳ ማሳደር ጣጣ ያመጣል።

ሐሙስ ሆስፒታል ሄድን። በሽተኛው ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ ግቢውን ሞልቶታል። ስለ እጅ ማበጥ ነው የመጣነው ብለን ተናገርን። መዝጋቢዋ ደኅና ሴት ናት፤ በቃሬዛ ላይ ያሉትን እያሳየች ለእጅ ቀጠሮው ሩቅ መሆኑን ነገረችን። የሰጠችን ቀን ከክረምት በኋላ ነበር። ያን ያህል አዲስ አበባ መቆየት አይታሰብም። ወደ ሽሮ ሜዳ ስንመለስ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ይወርዳሉ፤ አንዷ በወንድሜ ጎን ስታልፍ ሸክሟ ፊቱን ጫረው። ሳያያት ነው የተጋጨው። እሷ ይቅርታ ጠየቀችው፣ እሱም ይቅርታ ጠየቃት። እኔ ከንዴቴ ብዛት ምንም አላስተዋልኩም።

ዓርብ ጠዋት ነገሩ ተለወጠ። በሽማኔ ዘንድ እንግዳ ሆኖ የመጣ ሽማኔ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ጥቂት ክንድም ቢሆን ለባለቤቱ ሠርቶለት ይነሣል። ወንድሜ በዚህ ሁኔታዬ አላበላሽብህም ቢልም ጋሽ ዘለቀ አልሰሙትም። ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። የመርገጫው ቀለበት አልገባለትም፤ ጋሽ ዘለቀ በቢላ ቆረጡና በሰፊው አሠሩለት። ወንድሜ ወረወረ፣ መወርወሪያው ወደቀ። ወረወረ፣ ወደቀ። እኔ ከሐፍረት የተነሣ ወደ ውጭ መመልከት ጀመርኩ። ጋሽ ዘለቀ ግን አጠገቡ ተቀምጠው እጁን ሳይሆን ዓይኑን ያዩ ነበር።

«አንጁሎ፣ መወርወሪያው ሲመጣ አታየውም እንዴ?» አሉት።

«መሀል ላይ አየዋለሁ። ከዚያ ይጠፋል።»

«እጅህማ ደኅና ነው።»

እኔ አባያ ትዝ አለኝ፣ እንጨት የተሸከመችው ሴት ትዝ አለችኝ። ሐይቅ የሚያህል ነገር የጠፋው ለካ ዕውር እየሆነ ስለነበረ ነው። እጁ ቢያብጥ ሰው ይኖራል፤ ዓይኑ የጠፋ ሽማኔ ግን ምን ይሆናል? እትዬ ብርቄ የሚሸጡትን ሸማ እዚያው ጣል አድርገው ነጠላቸውን አጣፉና፣ ተነሡ እንሂድ አሉ። ያን ቀን ገበያ አልወጡም።

መዝጋቢዋ አስታወሰችን። ዓይኑ እየጠፋ ነው ስንላት የሐሙሱን ካርድ ተቀብላ ራሷ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች፤ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ወንድሜ ገና ከበሩ ሲገባ ቀና ብሎ እጁን ጨበጠው፤ ጨብጦም ቶሎ አልለቀቀውም። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና አፍንጫዬን ብቻ ይዩ አለው። ሁለት እጆቹን በግራና በቀኝ ዘርግቶ ጣቶቹን እያወዛወዘ ሲያዩ ይንገሩኝ አለው። እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ጣቶቹ ሲወዛወዙ አያለሁ፤ ወንድሜ ዝም ብሏል። ሐኪሙ እጆቹን ቀስ በቀስ ወደ መሀል አመጣቸው። አሁንም ዝም። ጆሮዎቹ አጠገብ ደርሰው፣ አልፈው፣ ዓይኖቹ ፊት ሊደርሱ ሲሉ ነው «አሁን» ያለው። መታወቂያውን ጠይቆ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየ፣ የራስ ቅሉን ራጅ አስነሣ። ራጁን በመብራት ላይ ዘርግቶ ለእኔም አሳየኝ።

በአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ሽንብራ የምታክል ዕጢ አለች አለን። ሰውነት እንዲያድግ የሚያዘው ሆርሞን የሚመነጨው ከእሷ ነው። የወንድሜ ዕጢ ላይ እባጭ ወጥቶባት ያን ሆርሞን ያለ ልክ ታመርታለች። ያደገ ሰው ቁመቱ አይጨምርም፤ ስለዚህ እጁ፣ እግሩና መንጋጋው ይወፍራሉ፤ ላቡም፣ ማንኮራፋቱም፣ ራስ ምታቱም ከዚያው ነው። እባጩ ወደ ላይ አድጎ የዓይን ጅማቶች የሚሻገሩበትን ቦታ ስለተጫነ ጎንና ጎኑን ማየት አቅቶታል። እንዲህ ከቀጠለ መሀሉም ይጠፋል። በቶሎ ከተከፈተና ከወጣ ግን ዓይኑ ሊመለስ ይችላል። እርግጠኛ ነኝ አላለም፤ ሊመለስ ይችላል ነው ያለው።

ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ሐኪሙ መጀመሪያ አልገባውም። እኔ ስለ ጎሜ አስረዳሁት። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ወንበሩን ወደ ወንድሜ አስጠጋና፣ «ምንም አላጠፉም። ይህ ሰው በሠራው ሥራ የሚመጣ በሽታ አይደለም። ሕፃን ልጅንም ይይዛል» አለው። ወንድሜ በእነዚያ ትልልቅ እጆቹ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ያለቀሰው ስለ ዓይኑ አልነበረም። እግዚአብሔር ያን ሐኪም ዕድሜ ይስጠው።

የራስ ቅል የሚከፈተው በሌላ ሆስፒታል ስለሆነ ወደዚያ ተላክን፤ አልጋ እስኪገኝ ጥቂት ቀናት ጠበቅን። እሑድ ቁስቋም ማርያም ተሳልመን እትዬ ብርቄ ለወንድሜ ተሳሉለት። ሰኞ ደም ያስፈልጋል ተባለ። የእኔ አልበቃም። ጋሽ ዘለቀ ወደ ሽማኔዎች ማኅበር ሄደው ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ ስደርስ የሽሮ ሜዳ ሽማኔዎች አግዳሚ ወንበሩን ሞልተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። አንዱ ግዙፍ ሰው መርፌውን አይቶ ራሱን ሳተና ነርሷ ሻይ አጠጣችው፤ ሲነቃ ተመልሶ ተሰለፈ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብዬ ሁልጊዜ ለልጆች አስተምራለሁ። ትርጉሙን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አብዛኞቹ ወንድሜን አይተውት እንኳ አያውቁም።

ቀዶ ጥገናው ረቡዕ ሆነ። ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ እትዬ ብርቄ ያመጡትን ምሳ ማንም አልቀመሰውም፣ መልሰው ወሰዱት። ማምሻውን ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ወጥቶ ተርፏል አለን። ወንድሜ ራሱ በፋሻ ተጠምጥሞ ቀናት ተኛ። በየቀኑ ሾርባ ከሽሮ ሜዳ ይመጣለታል፤ አንድ ቀን እትዬ ብርቄ፣ አንድ ቀን የጎረቤቶቻቸው ሚስቶች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እኛ ጎረቤቶቻችንን ከሩቅ አገር አገኘናቸው።

ሲሻለው ሐኪሙ ስለ ዓይኑ ያን ያህል አልነገረንም፤ እብጠቱ እስኪቀንስ ቆዩ አለ። እጁና መንጋጋው ወደ ድሮው እንደማይመለሱ፣ ግን ማደጋቸው እንደሚያቆም ተስፋ እንደሚያደርግ ነገረን። በየጊዜው እየመጣ መታየት እንዳለበትም አስጠነቀቀን። ወንድሜን አሁንስ ጎንህን ታያለህ ወይ ስለው እንደ ጭጋግ ነው ይለኛል። መጠየቁን ፈራሁት፤ ተውኩት።

ከጉለሌ የተነሣነው ማክሰኞ ነው። ሻንጣዬን ስሸክፍ ጋሽ ዘለቀ ሥራ ላይ ነበሩ። የመርገጫውን ቀለበት ለወንድሜ ብለው ካሰፉት ወዲህ አላጠበቡትም፤ እግራቸው እየሾለከ ሲያስቸግራቸው አየሁ። ላጥብብልዎት ወይ አልኳቸው።

«ተይው፤ ለምርመራ ይመጣ የለ?» አሉኝ።

እትዬ ብርቄ ለመንገድ ድፎ ዳቦ፣ ለወንድሜ ልጆች ነጠላ ሰጡን። ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ያገኙትን ስኳርም ግማሹን ጠቅልለው ሻንጣዬ ውስጥ ደብቀውት ኖሯል፤ ያገኘሁት ሻሸመኔ ላይ ነው። ሻሸመኔ ስንሄድ ባደርንበት ቤት አደርን። የቤቱ ባለቤት የወንድሜን ራስ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ የአልጋውን ሒሳብ አልተቀበለችንም።

ረቡዕ ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ አውቶቡሱ ሙሉ ስለነበር ወንድሜ ከመተላለፊያው ዳር፣ እኔ መስኮት ጋ ተቀመጥን። ሙቀቱ ሲመጣ ቆላ መግባታችንን አወቅኩ። ሐይቁ በግራ በኩል፣ በእኔ መስኮት እንደሚመጣ አውቃለሁ። እንዳልጠይቀው ምዬ ነበርና ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። በሽፋሽፍቶቼ መሀል ግን አየው ነበር። ፊት ለፊቱን፣ የሾፌሩን ጀርባ እያየ ነው፤ አንገቱ ቀጥ እንዳለ ነው። አባያ ብቅ አለ። አውቶቡሱ ጥቂት ሄደ፤ ወንድሜ ዝም አለ። አሁንም ሄደ። እንባዬ ሊመጣ ሆነ።

አንገቱን ሳያዞር፣ «መምህርት» አለኝ፣ «ተኝተሽ ሐይቁ እንዳያልፍሽ። በታንኳ የሚሄድ ሰው አለ።»

ዘወር ብዬ አየሁ። ሰውየው ነበር፤ ከዳር ርቆ፣ ብቻውን ይቀዝፋል።